የገንዲ መድኃኒት በኪሎ እንጂ በእሽግ አይለካም

«አንድ እሽግ ለስንት ከብት ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ ላብራራው። ገንዲ በዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ የከብት በሽታ ነው። የመድኃኒቱ የዲሚናዚን ልክ የሚሰላው በከብቱ ክብደት ነው፤ ለአንድ ኪሎ 3.5 ሚሊግራም። ስለዚህ 1.05 ግራም ዲሚናዚን ያለበት እሽግ 300 ኪሎ ይሸፍናል። ዓባይ በረሃ ወርዶ የታመመ 250 ኪሎ በሬ 875 ሚሊግራም ያስፈልገዋል። እሽጉን ለሁለት እንዲህ ዓይነት በሬዎች ካካፈላችሁት ግን በኪሎ 2.1 ሚሊግራም ብቻ ይደርሳቸዋል፤ በሽታው ያገረሻል፣ ተህዋሲውም መድኃኒቱን ይለምዳል። ክብደቱን በዓይን አትገምቱ፤ ከፊት እግሩ ኋላ የደረቱን ዙሪያ በሜትር ለክታችሁ ክብደቱን ከዚያ አስሉ።

የመበጥበጫው ውኃ መጠን እንደ አምራቹ ይለያያል፣ እሽጉ ላይ ያለውን አንብቡ። አደራ፣ የከብቱን ልክ እንዳለ ለአህያና ለፈረስ አትስጡ፤ እነሱን መድኃኒቱ ቶሎ ይጎዳቸዋል።