ቨርቹዋል ኮሎኖስኮፒ፦ የጎበጡ ገጾች ጂኦሜትሪ በአንጀት ምርመራ

ቨርቹዋል ኮሎኖስኮፒ ካሜራ ሳይገባ የትልቁን አንጀት ውስጥ የሚያሳይ የሲቲ ስካን ምርመራ ነው። በዋናነት የሚፈለገው ፖሊፕ ነው፤ ከአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ እባጭ። አብዛኞቹ ፖሊፖች ጉዳት አያመጡም። አንዳንዶቹ ግን በዓመታት ውስጥ ወደ ካንሰር ይለወጣሉ። በጊዜ ተገኝተው ከተቆረጡ ካንሰሩ ሳይጀምር ይቀራል።

ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1994 ያስተዋወቁት አሜሪካዊው የራዲዮሎጂ ሐኪም ዴቪድ ቫይኒንግ ናቸው። ታካሚው ቀደም ብሎ አንጀት የሚያጸዳ መድኃኒት ይወስዳል። ከዚያ አንጀቱ በቀጭን ቱቦ በጋዝ ይነፋል። አንዴ በጀርባው፣ አንዴ በሆዱ ተኝቶ የሲቲ ምስል ይነሳል። በአንዱ አተኛኘት ፈሳሽ የሸፈነው ቦታ በሌላው ይገለጣል። አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣ አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ ጋዙና ግድግዳው የሚገናኙበትን ድንበር ተከትሎ የአንጀቱን ገጽ ከብዙ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ይገነባል። ሒሳቡ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የአንጀት ውስጥ በጤነኛ እጥፋቶች የተሞላ ነው። እጥፋቱም ፖሊፑም ወደ ውስጥ ብቅ ይላሉ። ታዲያ በምን ይለያሉ? በጉብጠታቸው። ገጹ ላይ አንድ ነጥብ ብንወስድ፣ ገጹ አብዝቶ የሚጎብጥበት አንድ አቅጣጫ አለ፤ በትንሹ የሚጎብጥበትም ሌላ አለ። እጥፋት ረጅም ስለሆነ በወርዱ በደንብ ይጎብጣል፣ በርዝመቱ ግን ያን ያህል አይጎብጥም። ፖሊፕ በሁሉም አቅጣጫ ይጎብጣል። በቃ፣ ሁለት ቁጥሮች ናቸው! በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዮሺዳና ናፒ የተባሉ ተመራማሪዎች በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው ፖሊፕ የሚጠቁም የኮምፒውተር ዘዴ ሠሩ። የቀረ ሰገራም አንዳንዴ ድቡልቡል ስለሚሆን ኮምፒውተሩን ያሳስተዋል። ስለዚህ የመጨረሻው ፍርድ የሐኪሙ ነው።

ሌላው ሐሳብ አንጀቱን በኮምፒውተር ሰንጥቆ መዘርጋት ነው። ከእጥፋት ጀርባ የተደበቀው ሁሉ በአንድ እይታ ይታያል። ችግሩን ግን ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ በ1827 አስቀድሞ አሳይቶታል። ሁለቱን የጉብጠት ቁጥሮች ስናባዛ የሚገኘው ውጤት ገጹ ሳይለጠጥ ምንም ያህል ቢታጠፍ አይለወጥም። እንጀራ ሳይቀደድ ይጠቀለላል፤ ኳስ ላይ ሲያለብሱት ግን ይሸበሸባል። ፖሊፕ ያለበት አንጀትም ሳይዛባ ጠፍጣፋ አይሆንም። ያለው ምርጫ ምን ይዛባ የሚለው ነው።

በ2000 ስቲቨን ሄከርና ባልደረቦቹ ማዕዘንን የሚጠብቅ አዘረጋግ አቀረቡ። ስፋቱ ይለወጣል፤ ትንሽ ክብ ፖሊፕ ግን ክብ እንደመሰለ ይቀራል። በእኔ አስተያየት ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ የሐኪም ዓይን መጀመሪያ የሚያውቀው ቅርጽን ነውና። መጠኑ ግን ከተዘረጋው ምስል ላይ መለካት የለበትም። በ2011 ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች በጀርባና በሆድ የተነሱትን ሁለት ምስሎች ለማዛመድ የሪቺ ፍሰትን፣ ማለትም የገጽን ጉብጠት ቀስ በቀስ የሚያስተካክል የሒሳብ ዘዴን፣ ተጠቀሙ። የሒሳብ ሊቁ ግሪጎሪ ፔሬልማን ስለ ቅርጾች የሚናገረውን ዝነኛውን የፖይንካሬን ግምት ያረጋገጠው በዚሁ መሣሪያ ነው። ከንጹሕ ሒሳብ እስከ ታካሚ አልጋ የደረሰ መንገድ ነው፣ እጅግ ደስ ይላል።

ውጤቱስ? በ2003 የታተመ፣ 1,233 ሰዎች የተሳተፉበት የፔሪ ፒክሃርት ጥናት 10 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆኑት አዴኖማ ፖሊፖች (ወደ ካንሰር ሊለወጡ የሚችሉት ዓይነት) ቨርቹዋሉ 93.8 በመቶውን፣ በካሜራ የሚሠራው መደበኛ ኮሎኖስኮፒ 87.5 በመቶውን እንዳገኘ ዘግቧል።

ገደብም አለው። ጠፍጣፋ የሆነ ፖሊፕ እምብዛም ስለማይጎብጥ ሊያመልጥ ይችላል። ምርመራው ጨረር አለው፤ ፖሊፕ ቢገኝም እዚያው አይቆርጥም። አንጀታቸው በአልሰረቲቭ ኮላይተስ ወይም በክሮንስ በሽታ ክፉኛ ለተቆጣ ሰዎች አይሠራም፤ በጋዝ ሲነፋ ሊበሳ ይችላልና። ትንሹን አንጀት ለያዘ ክሮንስ ኤምአርአይ ይመረጣል።

አሜሪካ ላላችሁ ወገኖች፦ የአንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ መጀመሪያ ዕድሜ በ2021 ከ50 ወደ 45 ወርዷል። ቨርቹዋሉ በየ5 ዓመቱ ከሚሠሩት አማራጮች አንዱ ነው፤ የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን የሆነው ሜዲኬርም ከጥር 2025 ጀምሮ ይሸፍነዋል። ሰገራው ላይ ደም ያየ ሰው ግን ቅድመ ምርመራ ሳይጠብቅ ቶሎ ሐኪም ጋ ይሂድ።