የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ

ጥቅምት 2016 ላይ ነው። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ስለነበር ማታ ማታ ድንኳን እንቀመጣለን። ንፍሮው ዞሯል፣ ካርታው ተጀምሯል። በመሃል አንዱ ስልኩ ላይ የጋዛን ዜና ከፈተ። ካርታው ቆመና ክርክር ተነሳ።

አንደኛው ተከራካሪ መካኒክ ነው። ጠዋት ዳዊት ሳይደግም ከቤት አይወጣም፤ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ብሎ ዕቁብ ገብቷል። «ሰው በተኛበት ገቡበት እኮ! አሮጊት ሳይቀር አፍነው ወሰዱ። ዝም ይበሉ ነው የምትለው?» ይላል። ሌላኛው ባለሱቅ ነው፤ ጁምዓ አያመልጠውም። «ታሪኩ መስከረም 26 ነው እንዴ የጀመረው? ከዚያ በፊት የነበረው ሰባ አምስት ዓመትስ?» ይላል። ድምፁ እየከረረ ሄደ። ሐዘንተኞቹ ዞር ዞር እያሉ ማየት ጀመሩ።

ጥግ ላይ ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ ወታደር ተቀምጠዋል። ካርታቸውን ከእጃቸው ሳያስቀምጡ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

መካኒኩ አንገቱን ነቀነቀ። ባለሱቁም ነቀነቀ። «ልክ ብለዋል ጋሼ» አሉ ሁለቱም፣ እኩል። እያንዳንዳቸው አባባሉ ለእነሱ የተነገረ መስሏቸዋል። ድንኳኑ ጸጥ አለ፣ ካርታው ቀጠለ። እኔ ግን ያቺ የሁለት አንገት ንቅነቃ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣችም።

አባባሉ ሲታይ ቀላል ነው። ወጋ ማለት በጦር፣ በጩቤ፣ በቀንድ ወይም በእሾህ አቆሰለ ማለት ነው። «ቢረሳ» እዚህ ላይ «ቢረሳ እንኳ» ለማለት ነው። የመጨረሻው ቃል በአነጋገራችን «አይረሳም» መሆን ነበረበት፤ ቤት እንዲመታ «ም» ተቆርጣ «አይረሳ» ሆናለች። የአቆሳይና የቆሳይ ትዝታ እኩል አይደለም፣ አንዱ የሠራውን ጥሎት ይሄዳል፣ ሌላው የተሠራበትን ተሸክሞ ይኖራል፤ ነገሩ ይኼው ነው።

የአባባሉ ቦታ ደግሞ ገጠር ነው፤ ደም መመለስ የሚባል ነገር ባለበት አገር። ገዳይ ጊዜው ሲያልፍ ያርሳል፣ ልጅ ይድራል፣ ገበያ ይወርዳል። የሟች ልጅ ግን የአባቱን ስም ሲሰማ ነው የሚያድገው። እናቱ አትነግረውም ቢባል እንኳ ጎረቤት ይነግረዋል። ሃያ ዓመት ያልፍና አንድ ቀን የገበያ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ለሰላምታ እጁን ያነሳል፣ ሌላው ጥይት ያቀባብላል። ለዚህ ነው ሽማግሌዎች አባባሉን ከጥፋተኛው ወገን ሆኖ «ያለፈውን እንርሳው» የሚል ሰው ሲመጣ የሚያነሱት። አንተ ረስተህ ይሆናል፣ እሱን ግን ጠይቀኸዋል ወይ ለማለት።

ይህን ለመረዳት የግድ ደም አያስፈልግም። ቅንድቤ ላይ ጠባሳ አለ። ታላቅ ወንድሜ በብይ ጨዋታ ተናዶ በድንጋይ ያቆሰለኝ ነው። እሱ «ወድቀህ ነው» ብሎ ይምላል። አንድ የፋሲካ ምሳ ላይ ይህንኑ ስናገር ጣቱን ዘርግቶ አሳየኝ፤ ጥፍሩ ጠማማ ነው። «በር የቀረቀርክብኝ ዕለት ነው» አለ። እኔ ምንም ትዝ አላለኝም።

ወደ ቃሉ ልመለስ፤ የሚገርመኝ እዚያ ላይ ያለው ነገር ነው። ከ«ወጋ» ብዙ ቃል ይወለዳል። ጎንን ሰቅዞ የሚይዘው ሕመም ውጋት ነው። ጦር ሜዳ ላይ የሚሆነው ውጊያ ነው። አባባሉ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ የወጋ እና የተወጋ። አማርኛ ግን ሦስተኛም አለው። ከ«ተወጋ» ላይ ግዕዙን «ወ» አንሱና ራብዑን «ዋ» አስገቡ፤ «ተዋጋ» ይሆናል። እርስ በርስ ተወጋጋ፣ ሰጠም ተቀበለም እንደ ማለት። አባባሉ ስለዚህ ሦስተኛ ሰው ዝም ብሏል። የተዋጋ ሰው የቱን ያስታውሳል? የወጋበትን ወይስ የተወጋበትን?

የእስራኤልና የፍልስጤም ነገር ለእኔ ይኼ ጥያቄ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆቹ ናቸው።

ኬብሮንን እንውሰድ፤ ፍልስጤሞች አል ኸሊል የሚሏትን። አብርሃም የተቀበረባት ናት። ኦሪት ዘፍጥረት እንደሚለው ልጆቹ ይስሐቅና እስማኤል አብረው ነው የቀበሩት። በ1929 በዚያች ከተማ 67 አይሁዶች በጎረቤቶቻቸው እጅ ተገደሉ። በ1994 ደግሞ አንድ አይሁዳዊ ሰፋሪ፣ ሐኪም ነው ሰውየው፣ በረመዳን የንጋት ሶላት ላይ የነበሩ 29 ሙስሊሞችን በዚያው የአብርሃም መቃብር ውስጥ በጥይት ፈጀ። ኬብሮን ያለ አንድ አይሁዳዊ ስለ ከተማይቱ ስትጠይቀው 1929ን ይነግርሃል። ፍልስጤማዊው 1994ን ይነግርሃል። ሁለቱም አይዋሹም። በ1929 ብዙ አይሁዶችን ቤታቸው ደብቀው ያተረፉ አረብ ጎረቤቶችም ነበሩ፤ እነሱን የሚያነሳ ግን ትንሽ ነው። ያ ሕንፃ ዛሬ ለሁለት ተከፍሏል። በሩ ለየብቻ ነው፣ በመሃል ወታደር አለ። ይስሐቅና እስማኤል አባታቸውን ዛሬ ይቅበሩ ቢባሉ ፍተሻ ሊያልፉ ነው።

1948ም እንደዚያው ነው። አንዱ ወገን የነፃነት ጦርነት ይለዋል፣ ከስድስት ሚሊዮን አይሁድ እልቂት በኋላ የተገኘ ጣሪያ። ሌላው ነክባ ይለዋል፣ ጥፋት፤ ወደ 700 ሺህ የሚጠጋ ፍልስጤማዊ ከቤቱ የወጣበት። ኤፕሪል 9 ቀን ዴር ያሲን የምትባል የፍልስጤሞች መንደር ውስጥ ከ100 በላይ ሰው በአይሁድ ታጣቂዎች ተጨፈጨፈ። ከአራት ቀን በኋላ ወደ ሐዳሳ ሆስፒታል የሚሄዱ አይሁድ ሐኪሞችና ነርሶች ያሉበት የመኪና ቅፍለት በአረብ ታጣቂዎች ተደበደበና ወደ 80 የሚጠጋ ሰው አለቀ። በቀን መቁጠሪያ ላይ አራት ቀን ምንም አይደለም። በሰዎቹ ትዝታ ውስጥ ግን ሁለቱ ቀኖች አንድ ገጽ ላይ አይገኙም።

እኛ ከዳር ሆነን ነው የምንፈርደው እንዳትሉኝ። እዚያው ኢየሩሳሌም ውስጥ የራሳችን ውጋት አለን፤ ዴር ሡልጣን። ከጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያለችው ገዳማችን። መነኮሳቱ እዚያ ጣሪያ ላይ በጠባብ ጎጆ ነው የሚኖሩት። ወደ ታች የሚያወርደው መንገድ በአርባዕቱ እንስሳና በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ጸሎቶች ያልፋል። በሩም ቁልፉም ከግብፅ ኮፕቶች ጋር የቆየ ጠብ ነው።

የእኛን ታሪክ ልጅ ሳለሁ ሰምቻለሁ። በ1830ዎቹ መጨረሻ ወረርሽኝ መጣ፣ መነኮሳቱ አለቁ፣ መጻሕፍቱ ተቃጠሉ፣ ቁልፉ በሌላ እጅ ገባ። ስሰማ እንባዬ ይመጣ ነበር። በ1970 የሆነውን ግን ማንም አልነገረኝም፤ ካደግሁ በኋላ አንብቤ ነው ያወቅሁት። ኮፕቶቹ በትንሣኤ ሌሊት ጸሎት ላይ ሳሉ የእኛ መነኮሳት የበሮቹን ቁልፍ ቀየሩ። የእስራኤል ፖሊስም ነበር። ኮፕቶቹ ሲመለሱ በሩ አልከፍት አለ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1971 ለኮፕቶቹ ቢፈረድም መንግሥት ሳያስፈጽመው ቀረ። ቁልፉ እስከ ዛሬ በእኛ እጅ ነው። ገዳሙ የእኛ ነው ብዬ አሁንም አምናለሁ። ግን ካይሮ ውስጥ አንድ ኮፕት ሽማግሌ ያቺን የትንሣኤ ሌሊት እንዴት አድርጎ ለልጅ ልጁ እንደሚተርካት አሁን እገምታለሁ። ለእሱ የወጋነው እኛ ነን።

ቁልፍ ካነሳሁ አይቀር፣ ፍልስጤሞችም የ1948ን ቤታቸውን ቁልፍ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ለልጅ ያወርሳሉ። ቤቱ የለም፣ ቁልፉ አለ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሁለቱን ወገን በአንድ ሚዛን ላይ ያስቀመጠ ይመስላል። እዚህ ጋ ግን አባባሉ ራሱ ይከለክለኛል። «የተወጋ» ሲል ያለፈ ነገር ነው የሚናገረው፤ ጦሩ ተነቅሎ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል ብሎ። ዌስት ባንክ የሚባለው የፍልስጤሞች ምድር ግን ከ1967 ጀምሮ በእስራኤል ወታደር ሥር ነው። ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ጨምሮ ከ700 ሺህ በላይ እስራኤላዊ ሰፋሪ አለ። የወይራ ማሳው ላይ ለመድረስ የወታደር ፈቃድ የሚጠብቅ ገበሬ ነገሩን የሚያስታውሰው አይደለም፣ ዛሬ ጠዋት ሆኖበታል። እሱን «የተወጋ» ማለት ሰዋስው ማበላሸት ነው፤ እየተወጋ ነው። ኦክቶበር 7 ቀን 2023፣ ባለሱቁ ባላት በዚያች መስከረም 26፣ ወደ 1,200 ሰው ሲገደል፣ 251 ሰው ታፍኖ ሲወሰድ፣ እስራኤላዊውም ጦሩ ከሥጋው ወጥቶ አያውቅም ብሎ ደመደመ። ከዚያ የመጣው ጦርነት በጋዛ ጤና ሚኒስቴር ቆጠራ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ፈጀ። የመካኒኩን ንዴት እረዳለሁ። ያን ያህል ሕፃን የቀበረን ሕዝብ ግን «ቀድመህ ወግተሃል» ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም። ቤት ለቤት ገብቶ ቤተሰብ የፈጀንም «ተወግቶ ነው» ብዬ አላልፈውም።

እና ሰላም ይኖራል ወይ? ብዙ ሰው «ሁለቱ በጭራሽ አይዋደዱም» ይላል። ላይዋደዱ ይችላሉ። ግብፅና እስራኤልም አይዋደዱም። ከ1948 እስከ 1973 አራት ጊዜ ተዋግተዋል። ከዚያ የግብፁ ፕሬዚዳንት ሳዳት በ1977 ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዶ የእስራኤል ምክር ቤት ፊት ቆመ። በ1979 ተፈራረሙ፣ በ1982 ሲና ተመለሰች። ቀዝቃዛ ሰላም ነው ይሉታል፤ ይሁን፣ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቷል። ያቆየው ፍቅር አይመስለኝም፤ የተወሰደ መሬት መመለሱ ነው። ፍልስጤሞች እንደ ሲና የሚመለስ መሬትና የራሳቸው የሚሉት መንግሥት ሳይኖራቸው «ሰላም» ማለት ጦሩን ሳይነቅሉ ቁስሉን ማሰር ነው። ይኼ የእኔ አስተያየት ነው፤ መካኒኩ አይስማማም።

ሳዳትን በ1981 የገደሉት ግን የገዛ ወታደሮቹ ናቸው። በ1993 ከፍልስጤሞች መሪ ከአራፋት ጋር የተጨባበጠውን የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ራቢንንም ከሁለት ዓመት በኋላ የገደለው አይሁዳዊ ነው። የተወጋ ሰው ትዝታውን የሚነካበት ከመጣ፣ የራሱንም ሰው ይወጋል።

በዚህ ሁሉ መሃል ዓይኔን የሚስበው ትንሽ ቡድን ነው። በ2006 የቀድሞ የእስራኤል ወታደሮችና የቀድሞ የፍልስጤም ታጣቂዎች አቋቋሙት። ስሙ በአማርኛ ሲመለስ «ተዋጊዎች ለሰላም» ነው። ያቺ «ዋ» እዚህ መጣች! አባላቱ ሲቀመጡ የሚናገሩት የደረሰባቸውን ብቻ አይደለም፤ ያደረሱትንም ነው። በየዓመቱ በእስራኤል የሙታን መታሰቢያ ዋዜማ፣ ልጅ ከሞተባቸው የሁለቱም ወገን ቤተሰቦች ጋር ሆነው አንድ ላይ ሐዘን ይቀመጣሉ። ብዙ እስራኤላዊ ከሃዲ ይላቸዋል። ብዙ ፍልስጤማዊ ደግሞ ወረራውን እንደ ጤነኛ ነገር እንድናየው የሚያደርጉ ናቸው ይላቸዋል። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ጦርነት አላስቆሙም።

እኛ ዘንድ ግን የእርቅ መነሻው እንዲሁ ነው። ጥፋተኛው ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፣ «ማሩኝ» ይላል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌው «እርቅ ደም ያድርቅ» የሚለው። ድንጋዩ ሳይመጣ እርቅ ያደረቀው ደም አላየሁም። ችግሩ ሁለቱም የተወጉ ሲሆኑ ድንጋዩን ቀድሞ የሚያነሳ መጥፋቱ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ቀድሞ ማንሳት ያለበት ጉልበት ያለው ነው፤ ጎንበስ ቢል አይሰበርም።

ባለፈው ጋሼን ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው። የዚያን ለቅሶ ነገር አንስቼ «ያን ቀን አባባሉን ለየትኛው ብለው ነው የተናገሩት?» አልኳቸው።

«ለማናቸውም አይደለም» አሉ። ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ፤ ውስጡ ፍንጣሪ አለ፣ ከሰሜን ግንባር የመጣ። «እኔ የተመታሁበትን ቀን፣ ሰዓቱን፣ ከአጠገቤ ማን እንደነበር እነግርሃለሁ። ምሳ ምን እንደበላን ሳይቀር። ስድስት ዓመት የተኮስኩት ግን የት የት እንዳረፈ አላውቅም።»

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ክራንቻቸውን አስተካክለው አንድ እርምጃ ቀደም አሉ።

«የሚያውቅ ግን አለ» አሉ ዞር ሳይሉ።