ዘገምተኛ ሸተር፦ እንቅስቃሴን በብዥታ መቅረጽ

የእንቅስቃሴ ብዥታ ሸተሩ (ብርሃን ለማስገባት የሚከፈተውና የሚዘጋው የካሜራ መጋረጃ) ክፍት ሳለ የሚንቀሳቀሰው ነገር በፊልሙ ወይም በሰንሰሩ (በዲጂታል ካሜራ ብርሃን ተቀባዩ ክፍል) ላይ የሚተወው ዱካ ነው። ከእጅ መንቀጥቀጥ የሚለየው በአብዛኛው ጥርት ብሎ የቀረ ነገር በመኖሩ ነው፤ ፏፏቴው ሲደበዝዝ ድንጋዩ፣ ጀርባው ሲደበዝዝ ብስክሌተኛው ጥርት ይላል።

በጅምሩ ዘገምተኝነት ግዴታ እንጂ ምርጫ አልነበረም። የፎቶግራፍ ፈር ቀዳጁ ፈረንሳዊ ሉዊ ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1838 ቡሌቫር ዱ ታምፕል የተባለውን የፓሪስ ጎዳና ሲያነሳ ሌንሱ ለደቂቃዎች ክፍት ስለነበር ከጎዳናው ጋሪውም መንገደኛውም ጠፋ፤ በግልጽ የሚታየው ጫማውን ለማስጠረግ የቆመ ሰው ነው። ከ1911 ጀምሮ ጣሊያናዊው አንቶን ጁሊዮ ብራጋሊያ ብዥታን ሆን ብሎ ሠራበት። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ዣክ አንሪ ላርቲግ የእሽቅድምድም መኪና እየተከተለ ባነሳው ፎቶ ጎማው ወደፊት፣ ተመልካቾቹ ወደኋላ ያዘነበሉ ይመስላሉ፤ ምክንያቱ ሸተሩ ምስሉን በጠባብ ክፍተት ከጫፍ እስከ ጫፍ ደረጃ በደረጃ መቅረጹ ነው። ፎቶው ለረጅም ጊዜ የ1912 ሲባል ቢቆይም፣ 1913 የሚሉት ማስረጃቸው የበረታ ይመስላል።

ካሜራን ከሚንቀሳቀሰው ነገር ጋር ማዞር ፓኒንግ ይባላል፤ ከዘዴዎቹ ሁሉ የእጅ ሙያን አብዝቶ የሚጠይቅም እሱ ነው። ለመኪና 1/60፣ ለብስክሌት 1/30፣ ለሯጭ 1/15 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። እግር ተተክሎ ይቆማል፤ የሚዞረው ወገብ እንጂ ክንድ አይደለም። ክትትሉ ቀደም ብሎ ይጀመራል፣ ቁልፉ በለስላሳው ይጫናል፣ ሸተሩ ከተዘጋም በኋላ ዙሩ ይቀጥላል፤ ብዙ ፎቶ የሚበላሸው ቁልፉን ሲጫኑ ቀጥ በማለት ነው። ብዥታው ሽቅብ ቁልቁል ከሆነ ካሜራው ከአግድም መስመሩ ወጥቷል ማለት ነው። የሚነሳው ነገር በካሜራው ፊት ከጎን ወደ ጎን ማለፍ አለበት፤ ወደ ካሜራው የሚመጣ ከሆነ መጠኑ ስለሚለዋወጥ አይጠራም። የሯጭ እግር መደብዘዙ ግን ጉድለት አይደለም፤ ፊቱ ከጠራ ፎቶው ተሳክቷል።

ለውኃ ከ1/4 እስከ 1 ሰከንድ የፍሰቱን ክሮች ያስቀራል፤ ከ10 ሰከንድ በላይ ጭጋግ ይሆናል፣ ብዙ ጊዜም የውኃው ጉልበት አብሮ ይጠፋል። በጠራራ ፀሐይ አይኤስኦ (የብርሃን ስሜት መጠን) 100 እና ኤፍ 16 (ጠባብ የሌንስ ቀዳዳ) ላይ የሚገኘው የሸተር ፍጥነት 1/100 ሰከንድ ገደማ ስለሆነ ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ያስፈልጋል። አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) ከኤፍ 16 በላይ ማጥበብ መፍትሔ አይደለም፤ ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ስለሚበተን ምስሉ ይለሰልሳል። 6 ስቶፕ (አንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) የሚቀንሰው ኤንዲ 64 ያንን 1/100 ወደ 0.6 ሰከንድ ያወርደዋል፤ 10 ስቶፕ የሚቀንሰው ኤንዲ 1000 ደግሞ 1/60ን ወደ 16 ሰከንድ ገደማ።

ጥቁሩን ፊልተር ካሰሩ በኋላ ካሜራው ፎከስ ማድረግ ስለሚቸግረው፣ መጀመሪያ ፎከስ ተደርጎ ወደ ማንዋል (በእጅ ወደሚስተካከለው) ይቆለፋል፤ ፊልተሩ የሚታሰረው ከዚያ በኋላ ነው። ትራይፖዱ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያው) ላይ መካከለኛውን ዘንግ ከፍ ማድረግ ንዝረት ያመጣል። ብዙ ሌንሶች በትራይፖድ ላይ የንዝረት መከላከያቸው ካልጠፋ ራሳቸው ብዥታ ይፈጥራሉ። ቁልፉን በእጅ ከመጫን የ2 ሰከንድ መዘግየት መጠቀም ይሻላል። መስታወት ባላቸው ካሜራዎች ደግሞ የዓይን ማያው ካልተሸፈነ ከካሜራው ጀርባ በኩል የሚገባ ብርሃን ምስሉን ሊያበላሽ ይችላል።

ረጅም ጊዜ ሲከፈት ፊልም የብርሃን ስሜቱ ስለሚቀንስ ከስሌቱ በላይ ጊዜ ይጨመርለታል። በዲጂታል በኩል የረጅም ሸተር ኖይዝ (በምስሉ ላይ የሚታዩ ያልተፈለጉ ነጠብጣቦች) ማጥፊያው ከበራ ካሜራው ለሁለተኛ ጊዜ ያንኑ ያህል ይቆያል፤ የ4 ደቂቃ ፎቶ 8 ደቂቃ ይወስዳል። ፍላሽ ሲታከልበት ሸተሩ ሊዘጋ ሲል እንዲበራ ይደረጋል፤ ያኔ ዱካው ከሰውየው ኋላ ይቀራል፣ መጀመሪያ ላይ ከበራ ግን ሰውየው ወደኋላ የሚሄድ ይመስላል።