ዳኛው የሚጫወተው ጌሙን ነው

ዓምና ደብረ ብርሃን ላይ ለተማሪዎች ባዘጋጀናት ትንሽ የኮምፒውተር ጌም የመሥራት ውድድር ማስታወቂያ ላይ «የሚፈቀዱት ቋንቋዎች ሲ ፕላስ ፕላስ እና ጃቫ ብቻ ናቸው» የሚል መስመር ነበረ፤ ጌሙ የሚጻፍባቸው የፕሮግራም ቋንቋዎች ማለት ነው። መስመሩን ከጻፍነው ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ለምን እንደጻፍነው ማንም አልጠየቀንም፤ እኛም እርስ በርሳችን አልተጠያየቅንም። ኮምፒውተር ላብ ውስጥ የምናስተምራቸው ሁለቱን ስለነበረ እጃችን እንደለመደው ጻፈው።

በምዝገባው ቀን ከመሐል ሜዳ የመጣ ልጅ ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልሎ ብቅ አለ። የጣርማ በርን ጉም አቋርጦ፣ ገና ብርዱ ከላዩ ሳይለቅ። የሠራው ገበጣ ነው፦ 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር። ጠጠር ሲወድቅ የሚሰማውን ድምፅ ደጃፋቸው ላይ በስልኩ ነው የቀዳው። የጻፈው ግን ሉዋ በሚባል ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። መዝጋቢው ማስታወቂያውን በጣቱ አሳየው። ልጁ አልተከራከረም። «እሺ ጋሼ» ብሎ ላፕቶፑን መልሶ ጠቀለለው። ቢከራከረን ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮ ያ መስመር ከማስታወቂያው ይሰረዝ አይሰረዝ በሚል ሁለት ስብሰባ ፈጀን። እዚያ የሰማኋቸውን አባባሎች ላንሳ። ግማሾቹን ዓምና እኔው ራሴ እላቸው ነበር።

«ሁሉም በአንድ ቋንቋ ካልሠራ ውድድሩ ፍትሐዊ አይሆንም»

ሲሰሙት ልክ ይመስላል፤ ሯጮች ሁሉ ከአንድ መስመር ይነሱ እንደማለት ነው። ነገር ግን የቋንቋው ስም የመነሻውን መስመር አያስተካክልም። ሁለት ተማሪዎች ሁለቱም በሲ ፕላስ ፕላስ ሠሩ እንበል። አንዱ ባዶ መስኮት ከመክፈት ተነስቶ እያንዳንዱን ምስል በራሱ ኮድ ይስላል። ሌላው አንሪል ኢንጂን የሚባለውን የጌም መሥሪያ ሲከፍት ስበቱ፣ ግጭቱ፣ ብርሃንና ጥላው ተሠርቶ ይጠብቀዋል። የኛ ማስታወቂያ ሁለቱን እኩል ያስገባል፤ ገበጣውን ከዜሮ የሠራውን ልጅ ግን ከበር ይመልሳል።

ፍትሕ ከተባለ የሚጠየቀው ሌላ ነው። ጊዜው ለሁሉም እኩል ነው? ምስሉና ድምፁ የማን ነው? ቀድሞ የተዘጋጀ ኮድ እስከምን ድረስ ይፈቀዳል? ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው ሉዱም ዳሬ የሚባለው ውድድር የቋንቋ ገደብ የለውም። ብቻቸውን በሚሠሩት ዘርፍ ግን ሕጉ ጠንከር ይላል፦ በ48 ሰዓት ውስጥ ኮዱንም፣ ምስሉንም፣ ድምፁንም ራስህ ትሠራለህ፤ ምንጭ ኮዱንም አብረህ ታስረክባለህ። በ72 ሰዓቱ ዘርፍ ደግሞ ቡድን ይፈቀዳል፣ ሕጉም ይላላል። ቋንቋው ማንንም አላስጨነቀም።

ደግሞም ተማሪ ቋንቋ የሚመርጠው ሁልጊዜ ወዶ አይደለም። ያን ልጅ በኋላ ደውዬ «ለምን ሉዋን መረጥክ?» ስለው የጠበቅኩት የቴክኒክ መልስ ነበር። «ዩኒቲ ብዙ ጊጋባይት ነው ጋሼ፤ ዳታውንም አልችለው፣ ላፕቶፔም አይሸከመው። ይሄኛው በጥቂት ሜጋባይት ወረደልኝ» አለኝ። ዩኒቲ እንደ አንሪል ያለ ትልቅ ኢንጂን ነው፤ «ይሄኛው» ያለው ሎቭ የሚባለውን፣ በሉዋ ጌም የሚሠራበትን ነፃ ማዕቀፍ ነው። እንግዲህ እኛ ቋንቋ የከለከልን መስሎን የዳታ ጥቅል ነው የከለከልነው። ጎበዝ መምህር፣ ጥሩ ላብና የማይቆራረጥ መብራት ያለው ልጅ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ቋንቋ ተምሮታል። ብቻውን በስልኩ እያነበበ የተማረው ግን ያገኘውን ነው የተማረው።

«እውነተኛ ጌም የሚሠራው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው»

ትልልቆቹ ኢንጂኖች ውስጣቸው በአብዛኛው ሲ ፕላስ ፕላስ መሆኑ እውነት ነው። ሎቭ ራሱም ከሥር የተጻፈው በሱ ነው። ጌሙን የሚሠራው ሰው ግን ከላይ ያለውን ነው የሚጽፈው፤ እዚያ ላይ ያልተሞከረ ቋንቋ የለም። ማይንክራፍት በጃቫ ተጀመረ። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሮለርኮስተር ታይኩንን ክሪስ ሶየር ከሞላ ጎደል ሙሉውን ለማሽኑ ቋንቋ በጣም በሚቀርበው በአሴምብሊ ነው የጻፈው። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣውን ጃክ ኤንድ ዳክስተርን የሠራው ኖቲ ዶግ የተባለው ድርጅት ደግሞ ያለው ቋንቋ ስላልበቃው ጎል የሚባል፣ ሊስፕ ከሚባለው የቆየ ቋንቋ የሚወለድ የራሱን ቋንቋ ፈጥሮ ነው የሠራበት። አንደርቴል የተሠራው ጌምሜከር በሚባል የጌም መሥሪያ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያዳረሰው ባላትሮ በዋናነት የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ የተጻፈውም በሉዋ ነው፣ በዚያው በሎቭ። የመሐል ሜዳው ልጅ ይዞት የመጣው መሣሪያ ማለት ነው። ይህንን ስብሰባው ላይ ስናገር ለጥቂት ጊዜ ዝም ዝም ሆነ።

ሴለስቴ የሚባለው ጌም ታሪክ ደግሞ ለውድድር አዘጋጅ ይበልጥ ይጠቅማል። መጀመሪያ በ2015 እ.ኤ.አ. ሁለት ሰዎች በ4 ቀን ውስጥ ፒኮ-8 በምትባል፣ ሉዋ በምትቀበል፣ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ባለች ትንሽ የጌም መጫወቻ ላይ ሠሩት። ስክሪኗ 128 በ128 ፒክስል፣ ቀለሟ 16 ብቻ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ሙሉው ጌም ግን የተሠራው በሲ ሻርፕ ነው። ሐሳቡን በአንዱ ፈተኑት፣ ሥራውን በሌላው ጨረሱት። የተማሪ ውድድር ደግሞ ሐሳብ የሚፈተንበት ቦታ ነው።

ፍጥነት ይነሳል። በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ጌም ለአንዱ ዕድሳት 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ አለው። ሺህ ወታደር የሚያንቀሳቅስ ሰው ይህን ጊዜ ቆጥቦ መጠቀም አለበት። 48 ጠጠር ለማዞር ግን የትኛውም ቋንቋ ይተርፈዋል። ጌሙ ከተንቀረፈፈ ደግሞ ዳኛው በዓይኑ ያየዋል፣ ነጥብ ይቀንሳል፤ ለዚያ ሕግ ማውጣት አያስፈልግም።

«ዳኞቹ የማያውቁትን ቋንቋ እንዴት ይዳኛሉ?»

የመንዝ ዝተት ስንገዛ በእጃችን ዳብሰን፣ ክብደቱንና ሙቀቱን አይተን ነው። በየትኛው እንዝርት እንደተፈተለ ጠይቆ የሚገዛ አላየሁም። ዳኛው የሚጫወተው ጌሙን ነው። ያዝናናል? ሕጉ ግልጽ ነው? መሐል ላይ ይቆማል? እነዚህን ለመመለስ ሉዋ ማወቅ አይጠበቅበትም።

ዓምና ግን ዳኝነቱን ያስቸገረን ነገር ነበር፤ የሚያስቀው ደግሞ ችግሩ የመጣው ከተፈቀደው ቋንቋ ነው። አንዲት ልጅ ጌሟን በፍላሽ አመጣች፤ በጃቫ 17 የተሠራ ነው። የኛ ኮምፒውተር ላይ ያለው ጃቫ 8 ነበር። በአዲስ ጃቫ የተጠናቀረ ኮድ በአሮጌው ላይ እንደማይነሳ ሁላችንም እናውቃለን፤ እናስተምረዋለንም! ሀያ ደቂቃ ሙሉ አራት መምህራን አንድ ስክሪን ላይ አጎንብሰን፣ ልጅቷ እጆቿን በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ከትታ ቆማ። ቀጥሎ የመጣው በሲ ፕላስ ፕላስ የተሠራው ደግሞ የጎደለ ዲ.ኤል.ኤል. (ረዳት ፋይል) አለ ብሎ እምቢ አለ።

ስለዚህ መገደብ ያለበት ካለ የአከፋፈቱ መንገድ ነው። ወይ በብራውዘር ይከፈት፣ ወይ ምንም ሳይጫን ሁለት ጊዜ ሲነኩት ይነሳ። ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ዌብአሴምብሊን መቀበል ከጀመሩ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሲ ፕላስ ፕላስም ሆነ በረስት የተጻፈው ብራውዘር ውስጥ መሮጥ ይችላል። ጎዶት በሚባለው ኢንጂን የተሠራ ጌምም ወደ ድረ ገጽ ይወጣል። ዋናው ነገር ከውድድሩ ቀን በፊት በራሱ በዳኛው ኮምፒውተር ላይ መሞከሩ ነው።

«ቋንቋው ከተለቀቀ ኮፒ ይበዛል፣ ማወቂያ የለንም»

ኮፒ ለማድረግ የሚቀለው ብዙ ሰው የሚሠራበት ቋንቋ ነው፤ በሲ ሻርፕና በጃቫ የተዘጋጀ የእባብ ጌም ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። ማወቂያው ደግሞ በጣም ቀላል ነው፦ አንድ ነገር እዚያው ፊት ለፊት እንዲቀይር መጠየቅ።

ዘንድሮ ከዋናው ውድድር በፊት በሙከራ መልክ ሁለት የገበጣ ጌሞችን አየን፤ አንዱ የዓምናው የሉዋ ልጅ፣ ሌላው በጃቫስክሪፕት የሠራ የጠባሴ ልጅ። ለሁለቱም ያልኳቸው አንድ ነው፦ «ጠጠሩ በተቃራኒው አቅጣጫ እንዲዞር አድርገው።» የሉዋው ልጅ መደመሩን ወደ መቀነስ ቀየረና ጨረሰ። ሉዋ ከ1 ስለሚቆጥር ሁለት ቀንሶ፣ ለ12 አካፍሎ፣ ቀሪው ላይ አንድ ደመረ። የጠባሴው ልጅም በፍጥነት ቀየረው፤ ግን ከሁለተኛው ጉድጓድ 4 ጠጠር አንስቶ ሲያዞር አንዱ መጀመሪያው ጉድጓድ ገባ፣ ሦስቱ ደብዛቸው ጠፋ። 48 የነበረው 45 ሆነ። ልጁ ስክሪኑን ትኩር ብሎ አየና «ኔጌቲቭ!» አለ። ጃቫስክሪፕት የሚቆጥረው ከ0 ነው፤ ከ0 ወደ ኋላ ሲኬድ ኔጌቲቭ 1 ይመጣል። ኔጌቲቭ 1ን ለ12 ሲያካፍል ቀሪው ኔጌቲቭ 1 ነው፤ ሉዋ ግን 11 ይሰጣል። ጉድጓድ ኔጌቲቭ 1 ደግሞ የለም። ከማካፈሉ በፊት 12 ደመረበትና ጠጠሮቹ ተመለሱ።

ኮፒ ያደረገ ልጅ እዚያ ላይ ይቆማል። ከዳኞቹ ጃቫስክሪፕት የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነበር፤ ልጁ የራሱን ኮድ እንደጻፈው ግን ሁላችንም አየን።

«ውጭ አገር ያሉትም ይገድባሉ»

ይሄኛው ግማሹ እውነት ነው። ፓይዊክ የሚባለው የጌም ውድድር በፓይተን ቋንቋ ብቻ ነው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጌም ይሠራበታል። የሊስፕ ጌም ጃም የሚባለው ውድድርም ስሙ እንደሚለው በሊስፕ ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ጄኤስ13ኬ የሚባለው ውድድር በጃቫስክሪፕት ዙሪያ የተሠራ ሆኖ፣ ታሽጎ ከ13,312 ባይት የማይበልጥ ጌም ይጠይቃል። እነዚህ የአንድ ቋንቋ ወዳጆች ማኅበር ናቸው ማለት ይቻላል፤ ገደቡ ራሱ ጨዋታው ነው። (ለኛ ሰው ያ የባይት ገደብ ሌላም መዘዝ አለው፦ ጽሑፍ በኮምፒውተር በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ተራህ ነው» ለማለት ብቻ ከመታሸጉ በፊት 16 ባይት ሄደ።)

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የፕሮግራሚንግ ውድድር የሆነው አይሲፒሲና የኢንፎርማቲክስ ኦሊምፒያድም ቋንቋ ይገድባሉ። እነሱ ግን የጌም ውድድር አይደሉም። ማሽን ነው የሚያርማቸው፤ ኮዱን በተደበቀ መረጃ ላይ አስሂዶ ሰከንድ ይቆጥራል፣ ስለዚህ የቋንቋው ፍጥነት ውጤት ይለውጣል። የኛ ማስታወቂያ የተቀዳው ከነሱ ይመስለኛል፤ ሕጉን ወሰድን፣ ምክንያቱን እዚያው ተውን።

«ስክራች የልጆች ነው»

አዎ፣ ትእዛዞች እንደ ቁራጭ እየተገጣጠሙ ጌም የሚሠራበት ስክራች የልጆች ነው። ተወዳዳሪዎቻችን ውስጥም ልጆች አሉ። ስክራች በአማርኛም ይሠራል፤ እንግሊዝኛው ያልበረታ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ትእዛዞቹን በራሱ ቋንቋ እያነበበ ያገጣጥማል። ከፍ ያሉት ጋር ማወዳደሩ ከከበደ በዕድሜ ይለያዩ።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ መስመሩ ተሰረዘ። በቦታው የገባው «ጌሙ በዳኛው ኮምፒውተር ላይ፣ ምንም ሳይጫን፣ በ2 ደቂቃ ውስጥ መከፈት አለበት፤ ምንጭ ኮዱ አብሮ ይቅረብ፤ ሙከራ ኀሙስ» የሚል ነው። ማስታወቂያው በተለጠፈ በማግስቱ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ አስቆመኝና «ቲቸር፣ ቋንቋውንም እኔ ራሴ እየሠራሁት ቢሆንስ?» አለኝ።

ኀሙስ ይዘኸው ና አልኩት።