ስኳር በሽታና ስታርች አጋጁ ኪኒን፦ ቡና ላይ የምሰማቸው ስህተቶች

ፋርማሲ ውስጥ እንደምሰራ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቅ፣ ጅማ ኮቺ አካባቢ ቡና ከተፈላ እኔ ያለሁበት ጨዋታ ዞሮ ዞሮ መድሃኒት ላይ ነው የሚያርፈው። ባለፈው አንዲት ጎረቤታችን፣ ስኳር ከታወቀባቸው ቆይተዋል፣ ቡናቸውን በጨው እየጠጡ (ጅማ ላደገ ሰው ይሄ አይገርምም) ከጎን የቀረበውን አምባሻ ግማሽ በግማሽ ጨረሱትና "ልጄ እኔ እኮ ስኳር በአፌ አይዞርም፣ ለምን አልወርድ አለኝ?" አሉኝ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው፣ ስኳር ካልቀመስኩ ስኳሬ አይጨምርም የሚለው። ስታርች ማለት እኮ የግሉኮስ (ደም ውስጥ የሚለካው ስኳር) ሰንሰለት ነው፣ ስለተያያዘ ምላስ ላይ አይጣፍጥም እንጂ። አምባሻው፣ ገንፎው፣ ቆጮው፣ ጎደሬው፣ የበቆሎ ቂጣው፣ የምንመካበት ጤፍም ጭምር አብዛኛው ስታርች ነው። ምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ሰንሰለቱን አፍ ላይ መቁረጥ ይጀምራል (ቂጣ ብዙ ሲታኘክ ጣፈጥ የሚለው ለዛ ነው)፣ ጨጓራ ሲደርስ አሲዱ ያስቆመዋል፣ ከዛ ከቆሽት የሚመጣው አሚሌዝ ትንሹ አንጀት ውስጥ ስራውን ይቀጥላል፣ መጨረሻ ላይ የአንጀቱ ግድግዳ ላይ የተተከሉት እነ ማልቴዝና ሱክሬዝ ነጠላ ግሉኮስ ያደርጉታል። ደም ውስጥ የሚገባው ነጠላው ነው።

ተመራማሪዎች ታዲያ እነዚህን ቆራጮች ብናዘገያቸውስ ብለው ነው የተነሱት። በጣም የታወቀው ኪኒን አካርቦዝ ነው፣ አክቲኖፕላነስ ከሚባል የአፈር ባክቴሪያ የተገኘ፣ የጀርመኑ ባየር ሰርቶት 1990 ላይ እዛው ጀርመን ገበያ የገባ። እኛ ጋ ሀኪም አዘውትሮ የሚጽፈው ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ስለሆነ አካርቦዝ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙም አላይም፣ ግን ኢንተርኔት ላይ አንብቦ የሚጠይቀኝ ሞልቷል።

"ስታርቹን ከዘጋው እንደልቤ እበላለሁ፣ እከሳለሁም" የሚል አለ። አይዘጋም፣ ያዘገያል። ያ በግማሽ ሰአት ደም ውስጥ ሊግተለተል የነበረው ግሉኮስ አንጀቱን ረዘም አድርጎ እየተጓዘ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ስለዚህ ከምግብ በኋላ ያለው ጫፍ ዝቅ ይላል፣ አብዛኛው ካሎሪ ግን መግባቱ አይቀርም። አሜሪካ ውስጥ 1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከቦሎቄ የተሰራ "ስታርች ብሎከር" የሚባል ኪኒን ለማክሳት ብሎ ገበያውን አጥለቅልቆት ነበር፣ 1982 ላይ ሲመረመር የዋጡትም ያልዋጡትም ሰዎች ሰገራ ውስጥ የወጣው ካሎሪ ልዩነት የለውም፣ በዛው አመት መንግስት ሽያጩን አስቆመው። ቆሽት አሚሌዝ የሚያመነጨው ከሚያስፈልገው በላይ አትረፍርፎ ነው፣ ትንሽ ብታግድበት አይሰማውም። ደሞ ይሄን ሰምታችሁ ጥሬ ቦሎቄ ፈጭታችሁ እንዳትውጡ፣ ጥሬው ውስጥ ያለው ሌክቲን ያስመልሳል ያስቀምጣል፣ ሲቀቀል ደግሞ ሌክቲኑም አጋጁም አብረው ይበላሻሉ።

በጣም የሚያናድደኝ ግን የቅጠሉ ጉዳይ ነው። አንድ ተማሪ ላብ ውስጥ የግራዋ ወይ የሽፈራው ጭማቂ አሚሌዝን አገደ ብሎ ጽፎ ከሆነ በሳምንቱ ቴሌግራም ላይ "የስኳር መድሃኒት ተገኘ" ሆኖ ይዞራል። ሙከራውን እኮ ማንም ሊያስበው ይችላል፦ ስታርች ላይ አዮዲን ጠብ ስታደርግ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፣ አሚሌዝ ጨምረህ ስትቆይ ስታርቹ ስለሚቆራረጥ ቀለሙ ይጠፋል፣ ጭማቂው ካገደው ግን ሰማያዊው ይቆያል። ደስ ይላል፣ አልክድም፣ እኔም ተማሪ እያለሁ ሰማያዊው ሲቀር ጮቤ ረግጫለሁ። ግን ብዙ ቅጠል ታኒን አለው፣ ታኒን ደግሞ ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ ነው የሚጠፍረው፣ አሚሌዝን ለይቶ አይደለም። ከዛ ሌላ ቱቦው ውስጥ የሰራው መጠን በሰው አንጀት ስንት ሲኒ ማለት ነው? ጉበትና ኩላሊት ላይስ? ንጥረ ነገሩ ተለይቶ፣ እንስሳ ላይ ከዛም ሰው ላይ ተሞክሮ ነው መድሃኒት የሚሆነው፣ አካርቦዝም ለዚህ አመታት ፈጅቷል። ኢንሱሊኑን አቁሞ ግራዋ የጀመረ ሰው ካለ እባካችሁ ዛሬውኑ ሀኪም ጋ ውሰዱት፣ ስታርች ማገድ ኢንሱሊን አይተካም።

አካርቦዙን "ጠዋት በባዶ ሆድ አንዴ ልዋጠው" የሚሉም አሉ። ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ካልተዋጠ ዋጋ የለውም፣ ኢንዛይሙ ጋ ከምግቡ ጋር እኩል መድረስ አለበት። በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳር በአብዛኛው ጉበት ሌሊቱን የለቀቀው ስለሆነ እሱ ላይ ብዙ አይጠበቅም። የሶስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ (HbA1c) ላይም የሚቀንሰው ከ0.5 እስከ 0.8 የፐርሰንት ነጥብ ቢሆን ነው፣ ቀላል አይደለም ግን ተአምርም አይደለም።

ሆድ መንፋቱን "መርዝ ነው፣ አልተስማማኝም" ይሉታል። ያልተፈጨው ስታርች ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎቹ ያብላሉታል፣ ጋዝ ይሆናል፣ በቃ ስራውን ለመስራቱ ምልክት ነው። በትንሽ ዶዝ ተጀምሮ ቀስ እያለ ቢጨመር ይሻላል። ግን ቀላል አድርጌ ላወራው አልፈልግም፣ 2002 ላይ በወጣው ትልቅ ጥናት አካርቦዝ ከተሰጣቸው ከአስር ሶስት ያህሉ ሳይጨርሱ አቋርጠዋል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሆድ ሲጮህ አስቡት።

የመጨረሻው ግን ቀልድ የለውም። አካርቦዝ ብቻውን ስኳር ከልክ በታች አያወርድም፣ ከኢንሱሊን ወይ ከግሊቤንክላማይድ ጋር ሲሆን ግን እነሱ ሊያወርዱት ይችላሉ፣ ያኔ ሰው ሲንቀጠቀጥና ሲያልበው ሁላችንም የምንሮጠው ስኳር በውሃ ልንበጠብጥ ነው። የገበታ ስኳር ደግሞ በሱክሬዝ መሰንጠቅ አለበት፣ ሱክሬዙ ታግዷል፣ ስለዚህ ይዘገያል። የሚሻለው የፋርማሲ ግሉኮስ ነው፣ ከሌለ ማር፣ ማር ውስጥ ያለው ግሉኮስ አብዛኛው ቀድሞውኑ ነጠላ ነው፣ ጅማ ላይ ደግሞ ማር ከጎረቤት አይጠፋም። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አታድርጉ፣ ያንቀዋል፣ በጎኑ አስተኝታችሁ ባጃጅም ይሁን አምቡላንስ ጥሩና ሆስፒታል አድርሱት።