ምስጥና የኩይሳ እንጉዳይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሰሜን ሸዋ ኩይሳ ለማየት ከደብረ ብርሃን ብርድ ይልቅ በጣርማ በር ወርዶ የሸዋ ሮቢትን ቆላ መፈለግ ይሻላል። ክረምት ሲገባ ከኩይሳው ጎን ብቅ ስለሚለው እንጉዳይና ውስጡ ስላለው ምስጥ የሚወራው ግን ብዙው ስህተት ነው።

«እንጉዳዩ የበሰበሰ ምስጥ ላይ ይበቅላል»
ምስጡ ገበሬ፣ እንጉዳዩ አዝመራው ነው። ሁሉም የምስጥ ዓይነት አያርስም፤ ማክሮተርመስ የሚባለው ግን ገለባና ደረቅ እንጨት ይበላና ኩሱን እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ አድርጎ ይከምራል። ተርሚቶማይሲስ የተባለው ፈንገስ እዚያ ላይ ያድጋል፤ ምስጡ ብቻውን የማይፈጨውን የእንጨት ክፍል ያላላለታል። እንጀራውን ቀረብ ብለው ካዩት ከጤፍ ፍሬ ከፍ የሚሉ ነጫጭ እንክብሎች አሉበት። የምስጡ ቀለብ እነሱ ናቸው።

«ምስጥ የጉንዳን ዘመድ፣ አሸንም ሌላ ነፍሳት ነው»
ምስጥ የሚቀርበው ለበረሮ ነው፤ ጉንዳን ጠላቱ ነው። ዝናብ ሲጥል የሚፈላው አሸንም ያው ምስጥ፣ ክንፍ አውጥቶ አዲስ ጎጆ ሊመሠርት የወጣው ነው።

«እንጉዳይ ተክል ነው»
ከተክል ይልቅ ለእንስሳ ይቀርባል። የሕዋሱ ግድግዳ ካይቲን የሚባል ጠንካራ ንጥረ ነገር አለበት፤ የምስጡም ቅርፊት እንዲሁ። (ለጾም መበላቱን አይከለክልም።)

«ኩይሳውን መናድ ምስጡን ያጠፋል»
ንግሥቲቱ ከሥር፣ በወፍራም ጭቃ በተለሰነ ክፍል ውስጥ ናት። እሷ ካልተገኘች ሠራተኞቹ መልሰው ይገነቡታል።

«ኩይሳ ላይ የበቀለ ሁሉ ይበላል»
አደገኛው ይህ ነው። አይንቀሉት፤ ዙሪያውን በዶማ ይቆፍሩ። የኩይሳ እንጉዳይ ሥር የመሰለ ረጅም ግንድ አለው፣ ታች እስከ እንጀራው ይወርዳል። በመንቀል ይበጠሳል፣ ዋናው ምልክት መሬት ውስጥ ይቀራል። ግርጌው ላይ እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለ ከረጢት ካለው ይተዉት። ከዚያ ባርኔጣውን ቆርጠው ሆዱን ወደ ታች ነጭ ወረቀት ላይ ያሳድሩት። ወረቀቱ ላይ የሚራገፈው የኩይሳ እንጉዳይ ዱቄት (ዘሩ) ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ መርዛማ ነው። ሮዝ መሆኑ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም፤ ሮዝ ዱቄት ያላቸው መርዛሞችም አሉ።

«አብሮት የተቀቀለው ሽንኩርት ካልጠቆረ ደህና ነው»
ሽንኩርት መርዝ አይለይም። ገዳዩ አማቶክሲን በመቀቀልም አይጠፋም። ትውከትና ተቅማጡ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ጋብ ይላል፤ ጉበቱ የሚጎዳው ግን ያኔ ነው። ጋብ አለልኝ ብሎ መቆየት አይገባም፤ የተረፈውን እንጉዳይ ይዞ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው።