ቡድን ከተማ ሲለቅ፦ የኦክላንድ ቤዝቦል ደጋፊዎች ተቃውሞ

በአሜሪካ የቤዝቦል ቡድን የባለሀብት ንብረት ነው። ባለቤቱ ሌላ ከተማ የሚሻል ስታዲየም ካገኘና የሌሎቹ ቡድኖች ባለቤቶች በድምፅ ካጸደቁለት ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ደጋፊው ድምፅ የለውም። አትሌቲክስ የተባለው ቡድንም እ.ኤ.አ. በ1955 ከፊላደልፊያ ወደ ካንሳስ ሲቲ፣ በ1968 ወደ ካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ተዛውሯል። ኦክላንድ ውስጥ አራት ዋንጫ ካነሳ በኋላ በ2023 ወደ ላስ ቬጋስ ለመሄድ ተነሳ።

የተቆጣ ደጋፊ መጀመሪያ የሚያደርገው ስታዲየም መቅረት ነው። ችግሩ ባዶው ወንበር ለባለቤቱ ማስረጃ ይሆነዋል፦ «ከተማው ቡድን አይፈልግም» ይላል። ስለዚህ የኦክላንድ ደጋፊዎች ነገሩን ገለበጡት፤ ተመልካች በሚሳሳበት በሳምንቱ መካከል አንድ ቀን መርጠው ስታዲየሙን ሞሉት። ማክሰኞ ሰኔ 13 ቀን 2023 የገባው 27,759 ሰው ነበር፤ የዚያ ዓመት አማካይ ከ10 ሺህ ብዙም አይዘልም። በመዋጮ የታተሙ «ሽጥ» የሚሉ አረንጓዴ ካናቴራዎች መኪና ማቆሚያው ላይ በነፃ ታደሉ። መልእክቱ ለባለቤቱ ለጆን ፊሸር ነው፦ እዚሁ ለሚያቆየው ሰው ሽጠው። አምስተኛው ኢኒንግ (የጨዋታው ምዕራፍ) ሲጀምር ሕዝቡ የመጀመሪያው መቺ ተራውን እስኪጨርስ ጸጥ ብሎ ቆየና «ቡድኑን ሽጥ!» እያለ አስተጋባ።

የዚህ ስልት ድክመት ግልጽ ነው፤ ትኬቱን የሚሸጠው ራሱ ባለቤቱ ነው። ያን ቀን ክለቡ ከ800 ሺህ ዶላር የሚበልጠውን ገቢ ለበጎ አድራጎት ሰጠ፣ ወቀሳው ግን አልበረደም። ከሁለት ቀን በኋላ ላስ ቬጋስ ያለችበት የኔቫዳ ግዛት ገዥ ለአዲሱ ስታዲየም እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ፤ በኅዳር ወር ደግሞ የሠላሳዎቹም ቡድኖች ባለቤቶች ዝውውሩን ያለ ተቃውሞ አጸደቁ። በ2024 የመክፈቻ ጨዋታ ብዙዎች ትኬት ሳይቆርጡ መኪና ማቆሚያው ላይ ጥብስና ሙዚቃ ይዘው ዋሉ፤ ከገንዘቡ አንፃር ይሄኛው የበለጠ ያስኬዳል።

የመሰናበቻው ዕለት ሥርዓት አልባነት ያሰጋል። በ1971 ዋሽንግተን ውስጥ ደጋፊዎች ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሜዳውን ወረሩት፤ እየመራ የነበረው፣ ከተማዋን ሊለቅ የተሰናዳው ሴናተርስ የተባለ ቡድን በፎርፌ ተሸነፈ። ያ ቡድን ቴክሳስ ሄዶ ሬንጀርስ ተባለ፤ አትሌቲክስ በኦክላንድ ሜዳው ለመጨረሻ ጊዜ የገጠመውም እሱኑ ሬንጀርስን ነበር። መስከረም 26 ቀን 2024፣ 46,889 ሰው በተገኘበት፣ ኦክላንድ 3 ለ 2 አሸንፎ ተሰናበተ።

አትሌቲክስ ላስ ቬጋስ እስኪገባ የከተማ ስም ሳይለጥፍ ሳክራሜንቶ ይጫወታል። ኦክላንድ ውስጥ የተቋቋመው ቦለርስ የተባለ ትንሽ የቤዝቦል ቡድን ደግሞ ለደጋፊዎቹ አክሲዮን ሸጧል።